ክሎሪን ከሶዲየም ያንሳል? እንዴት ሆኖ?

ጨው ሻጯ፣ ደሴ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለዚህ ቤት። ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ካለ አንድ ነገር እንዲያስረዳኝ ነው የመጣሁት። ሰኞ ገበያ አካባቢ ጨው፣ በርበሬና ቅመማ ቅመም የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ቀለል አድርጋችሁ አስረዱኝ፤ እንደ ሕፃን ብታስረዱኝም አልቀየምም።

ትልቋ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት የኬሚስትሪ ፈተና ወረቀቷን ይዛ ሱቅ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። ከ20 16 አግኝታለች፣ መጥፎ አይደለም። ያናደዳት አንድ ጥያቄ ነው። «ከሶዲየም አቶምና ከክሎሪን አቶም የትኛው ይተልቃል?» ይላል። እሷ ክሎሪን ብላ ጻፈች። ቀይ ኤክስ።

ለምን ክሎሪን እንዳለች ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ። ሶዲየም ፕሮቶኑም ኤሌክትሮኑም 11፣ 11 ነው። ክሎሪን 17፣ 17 ነው። ብዙ ነገር የያዘ ይተልቃል። እኔም «ልክ ነሽ» አልኳት። ነጋዴ አይደለሁ? 17 ኪሎ ጨው የያዘ ከረጢት 11 ኪሎ ከያዘው ይበልጣል። ይሄ ምን ክርክር አለው?

ከዚያ ደብተሯን አሳየችኝ። «በአንድ ፔሬድ ከግራ ወደ ቀኝ ስንሄድ የአቶም ራዲየስ ይቀንሳል። በአንድ ግሩፕ ከላይ ወደ ታች ስንወርድ ይጨምራል» ተብሎ ተጽፏል። ፔሬድ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ አግድም ረድፉ ነው፣ ግሩፕ ቋሚው ዓምድ፤ ራዲየስ ደግሞ ከአቶሙ መሃል እስከ ዳሩ ያለው ርቀት ነው አለችኝ። በቃ። ለምን የሚል የለም። ስትጠይቅ «እሱን ያዢው፣ ፈተና ላይ ይመጣል» ተባለች። በመምህሩ አልፈርድም። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ፤ ለማን ለማን ያስረዱ?

እሷ ግን ሳይገባት የሚዋጥላት ልጅ አይደለችም። እኔን ነው የወጣችው። ሠንጠረዡን ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከጨው ጆንያው በላይ ለጥፋዋለች። ከባቲ ጨው የሚያመጣልኝ ሰውዬ አይቶት «ይቺ ደግሞ የምን ሎተሪ ናት?» አለኝ። ደንበኛ ሲጠፋ እኔም አፈጥበታለሁ። አንድ ቀን ሳፈጥበት ትዝ አለኝ፦ የምሸጠው ጨው ውስጥ ሁለቱም አሉ። ሶዲየምም ክሎሪንም። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሸጣቸው ኖሬ የትኛው እንደሚተልቅ አላውቅም። ሼም ነው።

ሌላም አለኝ። የፖታሲየም ምልክት ለምን ኬ ሆነ? ፒ መሆን አልነበረበትም? ልጄ በዚህም ተናዳለች።


ጡረተኛው፣ ሐይቅ

እህቴ፣ እንደምን ዋልሽ። 31 ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ፣ ሁሉንም እዚሁ ወሎ ውስጥ። አሁን ሥራዬ ጓሮዬን ማጠጣትና እዚህ ቤት ገብቼ ሰው መነዝነዝ ነው። ስለዚህ ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ልጅሽን አይዞሽ በያት። መልሷ ስህተት ነው። ግን አስባ የተሳሳተች ልጅ ሸምድዳ ካገኘችው ትበልጥብኛለች። ደግሞ አንቺ ሱቅ ውስጥ ልክ ናት። ይቺን ቆይቼ እመጣባታለሁ።

ኪሎና ስፋት ይለያያሉ። ይሄን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንድ ኩንታል ጥጥና አንድ ኩንታል ጨው ጎን ለጎን አቁሚ። ኪሎው እኩል ነው፣ ቦታ የሚፈጀው ጥጡ ነው። በክብደት ከሄድን ክሎሪን ይበልጣል። የአቶም ክብደቱ 35.5 ነው፣ የሶዲየም 23። ከምትሸጪው አንድ ኪሎ ጨው 393 ግራሙ ሶዲየም ነው፣ 607 ግራሙ ክሎሪን። አሸዋ ካልጨመርሽበት ማለቴ ነው። ስፋቱ ግን በሌላ ነገር ይወሰናል። ዳር ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከመሃሉ ምን ያህል ርቀው ተቀመጡ? ጥያቄው ይሄ ነው።

የደሴን የሐምሌ ብርድ ታውቂዋለሽ። አንድ ትልቅ ምድጃ አስቢ። መሃል ላይ ፍም አለ። ፍሙ ኒውክለሱ፣ ማለትም የአቶሙ እምብርት ነው፣ እያንዳንዱ ፍም አንድ ፕሮቶን። ሙቀቱ ፕሮቶን ኤሌክትሮንን የሚስብበት ጉልበት ነው። ዙሪያውን ሰው ከቦ ተቀምጧል። ሰዎቹ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። የመጀመሪያው ክብ ከሁለት ሰው በላይ አይዝም። ሁለተኛው ስምንት ይይዛል። የተረፈው ሦስተኛው ክብ ላይ ይቀመጣል።

ሶዲየም ቤት እንግባ። 11 ፍም፣ 11 ሰው። አቀማመጣቸው 2፣ 8፣ 1 ነው። የመጨረሻው ሰውዬ ብቻውን ሦስተኛው ክብ ላይ ቀርቷል። ከፊቱ የአሥር ሰው ጀርባ ተደርድሯል። ከ11 ፍም እሱ ጋ የሚደርሰው የአንድ ፍም ሙቀት ያህል ነው። ብርድ ላይ ነው ያለው። ሊነሳ ዳር ዳር ይላል።

ክሎሪን ቤት ደግሞ 17 ፍም አለ፣ ሰዉም 2፣ 8፣ 7 ሆኖ ተቀምጧል። ሰባቱም ሦስተኛው ክብ ላይ ናቸው። ከፊታቸው ያለው ጀርባ ያው አሥር ነው፣ አልጨመረም። ፍሙ ግን በስድስት ጨምሯል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እርስ በርስ ብዙም አይጋረዱም። ስለዚህ እያንዳንዳቸው የሰባት ፍም ያህል ይደርሳቸዋል። ሁሉም ወደ መሃል ይሳባሉ። ክቡ ይጠባል።

በቁጥር ልንገርሽ። የሶዲየም አቶም ራዲየስ 186 ፒኮሜትር ነው፣ የክሎሪን 99። አንዱን ሜትር ለትሪሊዮን ስትካፈዪው የሚደርስሽ አንድ ፒኮሜትር ነው። ክሎሪን የሶዲየምን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከላይ ወደ ታች ስትወርጂ ግን በየደረጃው አዲስ ክብ ይጨመራል። ሊቲየም 152፣ ሶዲየም 186፣ ፖታሲየም 227። ደብተሯ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች እነዚህ ናቸው።

ይሄ ከገባት የቀረው ሽምደዳ አያስፈልገውም። አዮናይዜሽን ኢነርጂ የሚሉት ዳር ያለውን አንድ ሰው ጎትቶ ለማስወጣት የሚከፈል ዋጋ ነው። ሶዲየም በሞል 496 ኪሎጁል ያስከፍላል (ሞል እንደ ደርዘን ያለ የአቶም መቁጠሪያ ነው፣ ኪሎጁል የኃይል መለኪያ)። ክሎሪን 1251። ከክሎሪን ቀጥሎ ያለው አርጎን 1521፤ እሱማ ስምንቱም ሞልተውለት ከማንም ጋር አይነካካም። ግሩፕ ማለትም ዳር ላይ የተቀመጡት ቁጥር የሚመሳሰልበት ዓምድ ነው። ግሩፕ 1 ሁሉም አንድ አንድ አላቸው፣ ሁሉም ለመስጠት ይቸኩላሉ። ግሩፕ 17 ሰባት ሰባት አላቸው፣ አንድ ለመንጠቅ ያደባሉ።

ሶዲየም ያንን አንዱን ለመሸኘት ምን ያህል እንደሚቸኩል በዓይኔ አይቻለሁ። ገና ጎረምሳ ሳለሁ ቆላ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ላብራቶሪ የሚባለው አንድ ቁምሳጥን ነው። ውስጡ የሶዲየም ጠርሙስ አገኘሁ። ሶዲየም አየርና ውሃ እንዳያገኘው ላምባ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚቀመጠው። በዚያ ሙቀት ላምባው ግማሹ ተኖ ሄዷል። ቁራጩ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። በቢላ ስቆርጠው እንደ ቅቤ ነው፣ ውስጡ እንደ ብር ያበራል። መጽሐፉ የምስር ፍሬ የምታህል ይላል። እኔ ኋላ ያሉት ተማሪዎች እንዲያዩ ብዬ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቆረጥኩ። ውሃ የሞላ ሳህን ላይ ጣልኩት። ቀልጦ ድቡልቡል አለ። ውሃው ላይ እየተንጫጫ ወዲያ ወዲህ ሮጠ። ከዚያ ዷ! ሳህኑ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለት ልጆች በመስኮት ወጡ። ርዕሰ መምህሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ለካ ሳህኑ የሚስታቸው ነበር።

ማንም ቤቱ እንዳይሞክራት። ፖታሲየም ደግሞ ይብሳል፤ አራተኛ ክብ ላይ ስለሆነ ያንን አንዱን ሰው ለመልቀቅ 419 ብቻ ነው የሚያስከፍለው። ውሃ ሲነካው ፈዘዝ ባለ ሐምራዊ ነበልባል ይነዳል።

አሁን ወደ ሱቅሽ። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም አቶም ሆኖ አይደለም የተቀመጠው። ያንን ብርድ ላይ የነበረ ሰውዬ ለክሎሪን አስረክቧል። ሰውዬው ሲሄድ ሦስተኛው ክብ ራሱ ጠፋ። የቀረው ሁለት ክብ ነው፣ 10 ሰው በ11 ፍም። ከ186 ወደ 102 ፒኮሜትር ወረደ። ክሎሪን ደግሞ እንግዳ ተቀብሎ 18 ሰው ሆነ፣ ፍሙ ያው 17። ሰዉ ይገፋፋል፣ ክቡ ይሰፋል። 181 ደረሰ። ስለዚህ ጆንያሽ ውስጥ ክሎሪን ከሶዲየም በደንብ ይተልቃል። ፈተናው የጠየቀው ስለ አቶም ነውና መምህሯ ልክ ናቸው። ጥያቄው «በጨው ውስጥ» ቢል ኖሮ ግን ልጅሽ ማርኳን ትወስድ ነበር።

ኬ የምትለዋ ምልክት ካሊየም ከሚለው የላቲን ስሙ የመጣች ናት። ያ ደግሞ ከዓረብኛው «አል ቀሊ» ነው፤ የተቃጠለ ተክል አመድ ማለት ነው። ፖታሲየም የሚለው የእንግሊዝኛው ስም ራሱ ከድስት አመድ (ፖት አሽ) ነው የተወለደው። አመድ በውሃ ይበጠበጣል፣ ውሃው በድስት ተንተክትኮ ሲደርቅ ነጭ ነገር ይቀራል። ሃምፍሪ ዴቪ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1807 ኤሌክትሪክ ለቆበት ነው ፖታሲየሙን ያወጣው። በዚያው ዓመት ሶዲየምንም አወጣ። ፒ የምትለዋን ፎስፈረስ ወስዷታል።


የጦሳ ልጅ፣ ደሴ

መምህር፣ አጻጻፍዎ በጣም ደስ ይላል። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፤ እንዲህ ተብራርቶልኝ አያውቅም። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና ምድጃው አላሳመነኝም። እሳት ሲበዛ ሰው ወደኋላ ይሸሻል እንጂ አይጠጋም! በዚያ ምሳሌ ክሎሪን መስፋት ነበረበት። ሰውየው ጃኬቱ እንዳይቃጠል።

ሁለተኛ፣ «የአንድ ፍም ያህል፣ የሰባት ፍም ያህል» ያሉት ትንሽ ተጠጋግቷል። ስሌተር የተባለ ፊዚሲስት እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣው አቆጣጠር ከሄድን ሶዲየም ዳር ላይ ላለው ኤሌክትሮን የሚደርሰው 2.2 ነው፣ ክሎሪን ዳር ላይ ላሉት 6.1። የፊት ጀርባ ሙሉ በሙሉ አይጋርድም፣ የጎን ሰውም ትንሽ ይጋርዳል። ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ሦስተኛዋ ናት የኔ ጥያቄ። ወደ ቀኝ ስንሄድ ለማስወጣት የሚከፈለው ዋጋ ይጨምራል ብለዋል። ማግኒዥየም 738 ነው። ቀጥሎ ያለው አልሙኒየም 578! ወረደ። ፎስፈረስ 1012፣ ቀጥሎ ያለው ሰልፈር 1000። እንደገና ወረደ። ልጅቷ ነገ ይሄን አይታ «ዋሹኝ» እንዳትል።


ፋርማሲስቷ፣ ኮምቦልቻ

እኔ ስለ ጨዉ ልጨምር፤ ጨው ሻጭ አግኝቼ ዝም ማለት አልችልም። እታለም፣ ሠንጠረዡ ላይ ክሎሪንን በጣትሽ ያዢና ወደ ታች ውረጂ። ብሮሚን፣ ከዚያ አዮዲን። ጨው ላይ የሚጨመረው እሱ ነው። እንቅርት እንዳይወጣ። እኛ ደጋው ላይ ያለን ሰዎች ይሄን እናውቀዋለን። አፈሩን ዝናብ ሲያጥበው ስለኖረ አዮዲኑ ሄዷል። የኔ አያት አንገታቸው ላይ እንቅርት ነበረባቸው። በልጅነቴ ማተባቸው እላዩ ላይ ተንጋዶ ሳየው የጌጥ ዓይነት ይመስለኝ ነበር።

ያ ዓምድ ራሱ መምህር ያሉትን ያሳያል። ፍሎሪንና ክሎሪን ጋዝ ናቸው፣ ብሮሚን ፈሳሽ ነው፣ አዮዲን ጠጣር። ወደ ታች ሲወርዱ ይከብዳሉ፣ ይሰፋሉ፣ ኤሌክትሮናቸው ስለሚበዛ እርስ በርስ አጥብቀው ይያያዛሉ። ሁሉም ሰባት ሰባት ስላላቸው ግን ጠባያቸው የአንድ ቤት ልጆች ጠባይ ነው።

አደራሽን ጆንያውን ፀሐይ ላይ አታውጪው፣ ክፍቱንም አትተዪው። ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት የሚባለው ነው፤ ከፖታሲየም አዮዳይድ የተሻለ ይቆያል። ግን እርጥበትና ሙቀት ሲበዛበት እሱም ይሄዳል። ለደንበኞችሽም ጨዉን ወጡ ሊወጣ ሲል እንዲጨምሩት ንገሪያቸው።


ጡረተኛው፣ ሐይቅ

የጦሳው ልጅ፣ በእሳቱ ተሸነፍኩ። 31 ዓመት ሳስተምርበት አንድም ተማሪ ይሄን አላነሳብኝም። ብርዱ ይሆናል።

ያነሳሃቸው ሁለት ስብራቶች እኔ ከሁሉ በላይ የምወዳቸው ናቸው። እህቴ፣ ይሄን ለልጅሽ አንብቢላት፤ አሁን ባይገባትም አሥራ አንደኛ ክፍል ትፈልገዋለች። ሦስተኛው ክብ አንድ ወጥ መደብ አይደለም። ዝቅ ያለ መደብና ከፍ ያለ መደብ አለው። ዝቅ ያለው ሁለት ሰው ይይዛል፣ ማግኒዥየም በዚያው ሞላ። አልሙኒየም ሲመጣ አዲሱ ሰው ከፍ ያለው መደብ ላይ ይወጣል። እዚያ መያዣው ይላላል፣ ከፊቱም ሁለቱ ይጋርዱታል። ስለዚህ ማስወጣቱ ይረክሳል። ሰልፈር ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ከፍ ያለው መደብ ሦስት ፍራሽ አለው። ፎስፈረስ ሦስቱ ላይ አንድ አንድ ሰው አስቀምጧል። በሰልፈር የሚመጣው አራተኛ ሰው ከአንዱ ጋር ፍራሽ መጋራት አለበት። ሁለት ሰው አንድ ፍራሽ ላይ እንዴት እንደሚገፋፋ እንግዳ የበዛበት ሠርግ ቤት ያደረ ያውቀዋል። የ12 ኪሎጁሏ ቅናሽ ከዚያ ነው የመጣችው።

ፋርማሲስቷ አዮዲንን ስታነሺ ደግሞ ሌላ ነገር አስታወስሽኝ። ሠንጠረዡን የሠራውን ሩሲያዊ ኬሚስት ሜንዴሌየቭን በጣም ያስቸገረው አዮዲን ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1869 ሠንጠረዡን ሲሠራ የሚታወቁት 63 ንጥረ ነገሮች ብቻ ነበሩ። ዛሬ 118 ናቸው። በክብደታቸው ቅደም ተከተል ደረደራቸው፤ ጠባያቸው የሚመሳሰሉት አንድ ዓምድ ላይ እንዲወድቁ አደረገ። አንዳንድ ቦታ ላይ የሚገባ አጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ክፍተቱን ዘግቶ ይገፋቸው ነበር። እሱ ባዶውን ተወው።

ባቲ ሰኞ ገበያ ሄደሽ ታውቂያለሽ? የጨው ተራ አለ፣ የግመል ተራ አለ፣ የቅቤ ተራ አለ። አንዷ ቅቤ ሻጭ አንድ ሰኞ ብትቀር ቦታዋን ማንም አይወስድባትም። ያላየሻት እንኳ ብትሆን ከግራና ከቀኟ የተቀመጡትን አይተሽ ምን እንደምትሸጥ ታውቂያለሽ። ሜንዴሌየቭ ያደረገው ይሄንን ነው። ከአልሙኒየም በታች ያለችውን ባዶ ቦታ አይቶ፣ የሚመጣው ክብደቱ 68 አካባቢ ይሆናል፣ እፍጋቱም ከውሃ 5.9 እጥፍ ይሆናል አለ። በ1875 ሌኮክ ደ ቧቦድራን የተባለ ፈረንሳዊ ጋሊየምን አገኘ። መዘነውና 4.7 ነው አለ። ሜንዴሌየቭ ነገሩን በዓይኑ ሳያይ «አጥራና እንደገና መዝን» ብሎ ጻፈለት። ሰውዬው አጥርቶ መዘነ። 5.9 ሆነ። እኔ ይሄን ባስተማርኩ ቁጥር ራሴን ይነዝረኛል። ጋሊየም የሚቀልጠው 29.8 ዲግሪ ላይ ነው። ደሴ ላይ ጠጣር ሆኖ ይውላል። ባቲ በግንቦት ቀትር ብታወርጂው ግን እጅሽ ሳይነካው ይፈሳል።

አዮዲንስ? ክብደቱ 126.9 ነው። ቴሉሪየም 127.6። በክብደት ከሄድን አዮዲን መቅደም ነበረበት፤ እንደዚያ ከሆነ ግን ከክሎሪንና ከብሮሚን ዓምድ ይወጣል። ሜንዴሌየቭ ጠባዩን አምኖ ከቴሉሪየም ኋላ አስቀመጠው። የቴሉሪየምን ክብደት አሳስተው መዝነውት ነው አለ። እዚህ ላይ እሱም ተሳሳተ። ሚዛኑ ልክ ነበር። ያልታወቀው የመደርደሪያው ሕግ ነው። በ1913 ሞዝሌ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት በኤክስሬይ መረመረና መቆጠር ያለበት ፕሮቶኑ ነው ብሎ አሳየ። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። አለቀ። ሞዝሌ ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ላይ ሞተ፣ በ27 ዓመቱ። እኔ ይሄን ስናገር ሁልጊዜ ደወሉ ይደወልብኝ ነበር፤ ተማሪው ደብተሩን እያጠፈ ነው የሚሰማኝ።


ጨው ሻጯ፣ ደሴ

አላህ ያክብርልኝ፣ ሁላችሁንም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ ደግሞ ጮክ ብላ ሱቅ ውስጥ አነበበችው፤ በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ሳህኑ ተሰነጠቀ የሚለው ላይ ሲደርስ ሒሳቡን ረስቶ ሄደ። ነገ ይከፍላል።

ጋሼ፣ ምድጃውን ከጣሉት ሌላ ልስጥዎት። ሐድራ ላይ መንዙማ ሲወጣ ሰዉ ክብ ሠርቶ ነው የሚቀመጠው። ድምፁ ደከም ያለ ከሆነ ኋላ ያሉት ወሬ ይጀምራሉ፣ ተነስተው ይወጣሉ። መንዙማ አውጪው ጎበዝ ሲሆንና ድቤው ሲደምቅ ግን ማንም ሳያዘው ሁሉም ወደፊት ይጠጋል። ክቡ ይጠባል። ኋላ ያለው ደግሞ የሚሰማው ከፊቱ ያሉት ሳይጋርዱት የቀረውን ነው። ይሄስ አይሆንም? የጦሳው ልጅ፣ ጃኬትም አይቃጠልም።

ፋርማሲስቷ፣ ጆንያውን ከበሩ ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። እውነት ለመናገር እስከዛሬ ደጅ ላይ ነበር የሚውለው።

ልጄ ወረቀቷን ይዛ መምህሯ ጋ ሄዳለች። ማርኩን አልጨመሩላትም። ጨው ውስጥ ይገለበጣል ስትላቸው ግን ሳቁና «ማነው የነገረሽ?» አሏት። «ሐይቅ ያለ አንድ ጡረተኛ» ስትላቸው «ስሙን ማን ይሉታል?» ብለው አጥብቀው ጠየቋት። ጋሼ፣ ተማሪዎ እንዳይሆኑ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣችብኝ። በራሷ ጥያቄ አውጥታ በራሷ መልሳለች። «ማግኒዥየም ሁለት ሰጥቶ 10 ኤሌክትሮን ይቀረዋል፣ ሶዲየምም አንድ ሰጥቶ 10 ይቀረዋል። ሰዉ እኩል ነው። ፕሮቶኑ ግን 12 ለ11 ነው። ስለዚህ ማግኒዥየሙ ያንሳል» ትላለች። በስንት እንደሚያንስ ግን ደብተሯ ላይ የለም። ልክ ናት?


ጡረተኛው፣ ሐይቅ

ሶዲየሙ 102፣ ማግኒዥየሙ 72። ልክ ናት።

መንዙማውን ወስጃለሁ። የመምህሯን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ። በመስኮት ከወጡት ሁለት ልጆች አንዱ መምህር ሆነ ሲሉ ሰምቻለሁ።